የበረታ እግር ዕዳ

ሁለት ሰዎች አብረው መንገድ ጀምረው አንዱ ብርቱ ሌላው ደካማ ሆኖ ቢገኝ፣ ብርቱው ለደካማው ምን ዕዳ አለበት? ጥያቄው ለሕፃናት የሚቀርብ ይመስላል። ነገር ግን በተራራ ላይ፣ ያውም በባልና በሚስት መካከል ሲነሣ፣ መልሱ እንደሚታሰበው ቀላል አይደለም።

አንባቢ ሆይ፣ ይህን የምጽፈው በስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ያሳለፍነውን ዕረፍት በማሰብ ነው። ፓርኩ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1969 ተቋቁሞ በ1978 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ፣ የዋልያና የጭላዳ ዝንጀሮ መኖሪያ የሆነ ስፍራ ነው። እኔና ባለቤቴ ገና በመምህርነት ላይ ሳለን፣ በ2004 ዓ.ም. በመንፈቀ ዓመቱ ዕረፍት ከደባርቅ ተነሥተን፣ መንገድ መሪና ጠመንጃ የያዘ ጠባቂ አስከትለን፣ በሳንቃበርና በግጭ በኩል ጨነቅ ደረስን። አሳባችን ከዚያ አልፈን ራስ ዳሽን ለመውጣት ነበር።

የጨነቅ ከፍታ 3,600 ሜትር ያህል ነው። በዚያ አየሩ ስስ ስለሆነ፣ ሰው በአንድ ትንፋሽ የሚያገኘው ኦክስጅን በባሕር ዳርቻ ከሚያገኘው ሁለት ሦስተኛው ያህል ብቻ ነው። የከፍታ ሕመም የሚነሣው ከዚህ ሲሆን፣ የጡንቻን ብርታት አይቶ አይምርም፤ ወጣቱን ጥሎ ሽማግሌውን ሊያልፍ ይችላል። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ የያዘው ሰው እስኪሻለው ድረስ ወደ ላይ መውጣት የለበትም፤ ከባሰበትም ሳይዘገይ መውረድ አለበት። ይህን ቸል ያለ ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል።

ባለቤቴ በዚያ ማታ እራት አልበላም አለች፤ ራስዋንም እንደሚያማት ነገረችኝ። እኔ ደኅና ነበርሁ። እርስዋም፣ «አንተ ከመሪው ጋር ሂድ፤ እኔ እዚሁ እጠብቅሃለሁ» አለችኝ።

እንግዲህ ፈቃድ የተሰጠው ሰው ነጻ ነውን? ከፍቅር የተነሣ የተሰጠ ፈቃድ ሁልጊዜ ነጻ አያወጣም። የሚወድ ሰው የራሱን ጉዳት አሳንሶ ይናገራልና። ስለዚህ ፈቃዱን የሚቀበል ሰው ቃሉን ብቻ ሳይሆን፣ ቃሉን ያናገረውን ልብ ጭምር ሊመለከት ይገባዋል።

አልሄድሁም። ማግሥቱን በጨነቅ ውለን ዋልያዎች በገደሉ አፋፍ ሲመላለሱ አየን፤ ከቀትር በኋላም ሕመሙ ለቀቃት። የዕረፍታችን ቀን ግን አልቆ ነበርና ተመለስን። ራስ ዳሽንን እስከ ዛሬ አልረገጥሁም፤ አይቆጨኝም ብል እዋሻለሁ።

«እንግዲያው ደካማው በብርቱው ላይ ይሠልጥን ማለት ነውን?» የሚል አይጠፋም። አይደለም። ባለቤቴ ጤነኛ ሆና፣ ጭላዳዎቹ ሣር ሲነጩ እያየሁ ልዋል ብትል ኖሮ፣ እኔ ብሄድ ነውር አልነበረበትም። ሁለት ሰዎች ደስታቸውን ለየብቻ ቢፈልጉ ለጊዜው መለያየት ነው፤ የታመመውን ትቶ መሄድ ግን ጥሎ መሄድ ነው። እነዚህን ሁለቱን አንድ የሚያደርግ ሰው፣ ወይ ባልንጀራውን ይበድላል፣ ወይ ራሱን ያለ ምክንያት ያስራል።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ከውሳኔው ሰዓት በፊት የሚሠራው ሥራ ነው። በተማርሁበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት፣ ወደ ተራራ ስንወጣ ከፊት እንዲሄድ የሚደረገው ከሁላችን ደካማው ልጅ ነበር። እኛ ብርቱዎቹ እንናደድ ነበር። ሥርዓቱ ግን ብልሃት ነበረው። ደካማው ከኋላ ሲሆን ድካሙን ይደብቃል፤ እኛ ዐርፈን ስንቆየው፣ እርሱ ሲደርስ እኛ እንነሣለን፤ እርሱ ከቶ አያርፍም። ከፊት ሲሆን ግን ርምጃው ራሱ ይናገርለታል። በስሜንም ከሳንቃበር ጀምሮ ባለቤቴ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ነበርን።

ሚስት ሕመምዋን፣ ባል ድካሙን የሚሸሽግበት ቤት ብዙ ነው። የሚሸሽጉትም በክፋት ሳይሆን የሌላውን ደስታ ላለማበላሸት ነው። ነገር ግን በተራራ ላይ እንዲህ ያለው ዝምታ ሊገድል ይችላል፤ በቤትም ቢሆን ቀስ ብሎ ይጎዳል። ብርቱው ፊቱን አጥቁሮ ቢቆም፣ ባልንጀራው በሌላ ጊዜ ዝም እንዲል ያስተምረዋል። ስለዚህ የበረታ እግር ዕዳው መቆም ብቻ አይደለም፤ አብሮት የሚሄደው ሰው «ደከመኝ» ለማለት እንዳይፈራ አድርጎ መራመድ ነው።