ከጠበሉ በታች ያለው ባልንጀራ

የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ጉዞ ሲያዘጋጁ ወዴት እንደሚሄዱ ታውቃላችሁ። ዝቋላ ነው፣ ደብረ ሊባኖስ ነው፣ አለዚያም ሌላ ገዳም። አውቶቡስ ይከራያሉ፣ ስንቅ ይቋጥራሉ፣ መንገዱን ሙሉ ይዘምራሉ። ከእነዚሁ ወጣቶች አንዱ ተነሥቶ «ዘንድሮ በጾሙ ወደ ወንዝ እንውረድና ቆሻሻ የሞላውን ረግረግ እናጽዳ» ቢል ግን ምን እንለዋለን? «ይሄ ደግሞ ምን መንፈሳዊ ጉዞ ነው? የማዘጋጃ ቤት ሥራ አይደለም እንዴ?» የምንል ብዙዎች ነን። ጥያቄው ግን በዋዛ የሚታለፍ አይደለም።

በሲ.ኤም.ሲና በየካ የምንኖር ሰዎች ቀና ስንል የምናየው ተራራውን ነው። ተራራውን ለጸሎትና ለጠበል እናውቀዋለን። ወደ እንጦጦ ማርያም፣ ወደ ሽንቁሩ ሚካኤል ጀሪካን ይዘን የወጣን ስንቶች ነን! ጠበል ቦታ ስንደርስ ጫማ እናወልቃለን፤ አንዲት ጠብታ መሬት ላይ ብትፈስ ቅር ይለናል። ከዚያው ተራራ የሚፈልቀው ሌላው ውኃ ግን ቁልቁል ወርዶ ደጃችን ሲደርስ «ቦይ» ይባላል፣ «ፍሳሽ» ይባላል፤ ጫማ ማውለቁ ቀርቶ አፍንጫችንን ይዘን ነው የምናልፈው። ውኃው ምን አጠፋ? መንገዱ ላይ ያገኘው እኛን ነው።

ከእኛስ ወዴት ይሄዳል? ቀበና ከእንጦጦ ተነሥቶ ከተማውን አቋርጦ ይወርዳል። የምሥራቁ የከተማችን ክፍል ውኃ መጨረሻው ታላቁ አቃቂ ነው፤ የምዕራቡ ደግሞ ትንሹ አቃቂ። ሁለቱም አባ ሳሙኤል ግድብ ይገባሉ፤ ከዚያ ወደ አዋሽ። አዋሽ ደግሞ እንደ ዓባይ ባሕር የሚደርስ ወንዝ አይደለም፤ በአፋር ምድር አልፎ አቤ ሐይቅ ላይ ያልቃል። እንግዲህ ወንዝ ውስጥ ጥለን «ሄደ» የምንለው ነገር ከዓይናችን ሄደ እንጂ ከሀገር አልወጣም።

በጾም ወራት ነገሩ ይበልጥ ይገርማል። በእነዚህ ወንዞች ዳር የሚኖሩ ገበሬዎች ለአሥርተ ዓመታት ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ እያመረቱ ከተማውን ሲመግቡ ኖረዋል። የሚያጠጡት በዚሁ ውኃ ነው። ጉዳዩን ያጠኑ ሰዎች ከቆዳ ፋብሪካዎች የሚወጣውን ክሮሚየምና ሌሎች ከባድ ብረቶችን በአፈሩም በአትክልቱም ላይ እንዳገኙ በተደጋጋሚ ጽፈዋል። ሥጋውንና ቅቤውን ትተን፣ ሰውነታችንን ለማንጻት ብለን ጎመን ስናቀርብ፣ የላክነው ቆሻሻ በሰሐን ተመልሶ ይመጣል። ለእኛ እንኳ በወጥ መልክ ነው የሚመጣው፤ ገበሬው ግን በባዶ እግሩ ሲቆምበት ይውላል።

ደጉ ሳምራዊ ቆስሎ የወደቀውን ሰው በዓይኑ አይቶ አዘነለት። እኛ የምናቆስለውን ሰው አናየውም። ማነው ወደ ንስሐ አባቱ ቀርቦ «አባቴ፣ ለመጣጭ መኪና የምከፍለውን ብር ለመቆጠብ ብዬ፣ ዝናብ ሲመጣ ጠብቄ የሽንት ቤቱን ጉድጓድ ወደ ቦዩ ለቀቅሁት» ብሎ የተናዘዘ? ስርቆትን እንናዘዛለን፣ ሐሜትን እንናዘዛለን። ይህን ግን ከኃጢአት አንቆጥረውም። ኃጢአት መሆኑን ስለማናውቅ ነው እንዳንል፣ ባናውቅማ በቀን ባደረግነው ነበር።

ረግረግ ምን እንደሚሠራም ብዙዎቻችን ልብ አንልም፤ ባዶ መሬት ይመስለንና የግንባታ ፍርስራሽ እንደፋበታለን። ረግረግ ግን ማጥለያ ነው። ቄጤማውና ፊላው የውኃውን ሩጫ ያበርደዋል፤ ውኃው ሲዘገይ ደለሉ ይሰፍራል፤ በሥሩ ዙሪያ ያሉ በዓይን የማይታዩ ሕዋሳት ቆሻሻውን ይፈጩታል። ክረምት ሲገባም ጎርፉን ተቀብሎ ቀስ እያለ ይለቀዋል። እርግጥ የፋብሪካ ብረትን ያህል ነገር ረግረግ ብቻውን አይጨርሰውም። ደግሞም እዩት፤ በበዓል ቀን የሚጎዘጎዘው፣ በቀዳም ሥዑር ካህናቱ ሲያድሉን በራሳችን ላይ የምናስረው፣ የኖኅን ርግብ የሚያስታውሰን ቄጤማ የሚበቅለው እዚሁ ረግረግ ላይ ነው።

«ወጣቱ ነፃ የሚሆነው ቅዳሜ ነው፤ በቀዳሚት ሰንበት አካፋ ይዞ መውጣት ይገባል ወይ?» የሚሉ አረጋውያን አሉ። የሚናቅ ጥያቄ አይደለም፤ ቁፋሮው ለሌላ ቀን ቢቆይ፣ የቀረውንም ከአባቶች ጋር ቢመክሩበት መልካም ነው። ሆኖም በዐቢይ ጾም አራተኛው ሳምንት መፃጉዕን እናስባለን። ጌታ ያን ሰው የፈወሰው በሰንበት ነበር፤ ያዩት ሰዎች ግን የጠየቁት ስለ ጤናው ሳይሆን ስለ ተሸከመው አልጋ ነው። ሰውዬው 38 ዓመት የተቸገረው ውኃ አጥቶ አልነበረም፤ ውኃው አጠገቡ ነበር፤ ያጣው ሰው ነው። አቃቂ ዳር ያለውም ባልንጀራችን ውኃ አላጣም።

«መንግሥት ይሥራው» የሚለውም አለ። በ2011 ዓ.ም. ይፋ የሆነው ሸገርን የማስዋብ ፕሮጀክት ከእንጦጦ እስከ አቃቂ 56 ኪሎ ሜትር የወንዝ ዳርቻ ለማልማት የታሰበ ነው። መልካም ነው፣ ይሥራ። ነገር ግን በየግቢው ቧንቧ ላይ ዘበኛ የሚያቆም መንግሥት ከየት ይመጣል?

የጣናን ነገር ደግሞ አንርሳ። እንቦጭ ሐይቁ ላይ የታየው በ2004 ዓ.ም. ገደማ ነው። ስንት ሰው ውኃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ነቀለው! በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ደግሞ ሰፊ ዘመቻ ተደረገ። አረሙ ግን ከላይ ታጥቦ የሚመጣለት አፈርና ማዳበሪያ አልተቋረጠበትምና ተመልሶ በቀለ። በመጽሐፈ ሲራክ በድን ነክቶ የታጠበ ሰው ተመልሶ ቢነካው መታጠቡ ምን ጠቀመው የሚል ቃል አለ፤ የተናገረውም ስለ ኃጢአቱ ጾሞ ወደዚያው ስለሚመለስ ሰው ነው። ልጆቻችን ቅዳሜ ያጸዱትን እኛ ሰኞ ማታ የምንሞላው ከሆነ ድካማቸው ላይ እየቀለድን ነው። ስለዚህ ወላጆች ሆይ፣ ለልጆቹ የአውቶቡስ ብር ከማዋጣታችሁ በፊት የግቢያችሁ ቧንቧ የት እንደሚወጣ ሂዱና እዩ። የጋራ ሕንፃ ላይ ያላችሁም ለኮሚቴው ንገሩ።

ጉዞው ግን ይቅር አልልም። እንዲያውም ወጣቶቹ ሰፈራቸው ያለውን ቦይ ብቻ ጠርገው እንዳይመለሱ እመክራለሁ፤ ውኃቸውን ተከትለው አቃቂ ድረስ ይውረዱ። ገዳም ስንሄድ የአባቶችን ኑሮ በዓይናችን እንድናይ አይደል? እዚያ ደግሞ የሥራችንን ፍሬ ያያሉ። አንድ ወጣት ጭቃ ውስጥ ገብቶ የሕፃን ዳይፐር ሲያነሣ የማን ቤት እንደሆነ ባያውቅም ከላይ እንደመጣ ያውቃል፤ ላይ ያለው ደግሞ እሱ ነው።

ለመሄድ የተነሣችሁ ቦት ጫማና ወፍራም ጓንት ያዙ። ቁስል ያለበት ሰው ውኃው ውስጥ አይግባ፤ ሁላችሁም ሳትታጠቡ ምግብ አትንኩ። ባሕር ዛፍ ረግረግ ላይ አትትከሉ፣ ውኃውን መጥጦ ያደርቀዋል፤ ቄጤማና ፊላ ይበቃል። እስከ 9 ሰዓት እየጾመ ፀሐይ ላይ መሥራት የሚከብደው የንስሐ አባቱን አስቀድሞ ያማክር። እንደደረሳችሁም ወዲያው ወደ ሥራ አትሩጡ፤ ወንዙ ዳር የሚኖሩትን እናቶችና ገበሬዎች ሰላም በሏቸውና ውኃው መቼ መቼ እንደሚከፋ ጠይቋቸው። ሳያዩን ስለ ግቢያችን ብዙ ያውቃሉ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።