የመምህር መታሰቢያ ምንድን ነው?

መምህራችን ካረፉ እነሆ ዓመት ሊሞላቸው ነው። በአርባ ቀናቸው ዝክር ላይ ብዙ ተነገረላቸው፤ የተነገረውም እውነት ነበር። ይሁን እንጂ ከድንኳኑ ስንወጣ አንድ ጥያቄ ተከተለን። ይኸውም፦ ለአገልግሎት ያበቃንን ሰው በእውነት አስበነዋል የምንለው በጎውን ብቻ ስናነሣ ነው ወይስ ሁሉን?

መምህራችን በወጣትነታቸው በክረምት ዝዋይ እየወረዱ ከተማሩት መካከል ነበሩ። የሸዋ ሊቀ ጳጳስ የነበሩት ብፁዕ አቡነ ጎርጎርዮስ በዝዋይ ሐመረ ብርሃን ቅዱስ ገብርኤል ገዳም ወጣቶችን ሰብስበው ያስተምሩ እንደነበር፣ በ1974 ዓ.ም. የቤተ ክርስቲያናችንን ታሪክ በመጽሐፍ እንዳሳተሙ፣ በ1982 ዓ.ም. ሐምሌ ወር በመኪና አደጋ በድንገት እንደ ተለዩ የሰማነው ከእርሳቸው አንደበት ነው፤ እኛ ያን ጊዜ አልተወለድንምና። የሊቀ ጳጳሱን ስም ሲያነሡ ድምፃቸው ዝቅ ይል ነበር።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከሁላችን ቀድመው አዳራሹ ገብተው አግዳሚ ወንበሮቹን የሚደረድሩት እርሳቸው ነበሩ። ዩኒቨርሲቲ ገብተን የፍልስፍናውን ትምህርት ጥያቄ ይዘን ስንመጣም አልተቆጡም። «እግዚአብሔር የሚጠራን ከሆነ ለምን በሰው በኩል? እርስዎን ባናገኝስ ኖሮ?» አልናቸው። በዚያ ቀን መልስ አልሰጡንም። በሁለተኛው ሳምንት መጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊን ምዕራፍ 3 አስነበቡን። ብላቴናው ሳሙኤል በሴሎ ተኝቶ ሳለ ሲጠራ የዔሊ ድምፅ እየመሰለው ሦስት ጊዜ ወደ ዔሊ ሮጠ። ዔሊ በሦስተኛው ጊዜ የጠራው ማን እንደ ሆነ አስተውሎ ተመልሶ እንዲተኛ ነገረው። መምህራችንም «የመምህር ሥራ ይኸው ነው፤ እኔ አይደለሁም፣ ተመለስ ማለት ነው» አሉን።

ትምህርቱ እዚህ ላይ አበቃ፤ ምዕራፉ ግን አላበቃም። ሳሙኤል መጀመሪያ የሰማው ቃል በራሱ በዔሊ ቤት ላይ የተነገረ ፍርድ ነበር፤ ዔሊ ልጆቹ አፍኒንና ፊንሐስ ሲበድሉ አልከለከላቸውምና። ብላቴናው ለመናገር ፈራ። ዔሊ ግን አንዳች እንዳይሰውርበት አጥብቆ አስጠነቀቀው፤ ሳሙኤልም ሁሉን ነገረው።

እኛ አልነገርናቸውም። አንዲት እኅታችን ለመዝሙር ጥናት ዘግይታ በመጣች ጊዜ መምህራችን በሁላችን ፊት ከባድ ቃል ተናገሯት። እናቷን ታስታምም እንደነበር እርሳቸው አላወቁም፤ እኛ እናውቅ ነበር። ዝም አልን። ከዚያ ወዲህ አልተመለሰችም። ዝምታችንን አክብሮት አልነው፤ ታላቅ ሲናገር አይመለስለትም ተባባልን። አሁን ስናስበው ግን ፍርሃት ነበር። ከዚያም የከፋው መምህራችንን አሳንሰን ማየታችን ነው። ያን ሁሉ ወንበር ብቻቸውን የሚደረድሩ ሰው ቢነገራቸው ኖሮ በዚያው ሰዓት ወደ ቤቷ በሄዱ ነበር። ይህን በረከት እኛ ነፈግናቸው።

አንዳንድ ወንድሞች «የሞተ ሰው ስሕተት አይነሣም» ይሉናል። ሐዋርያው ለዕብራውያን በተጻፈው መልእክት በምዕራፍ 13 ቃሉን ያስተማሩንን እንድናስብ ሲያዝ እንድንከተል የሚያዝዘን እምነታቸውን ነው። (ከመካከላችን ሳላቸውን ሳይቀር የሚያስመስል መኖሩን ሁላችሁም ታውቃላችሁ።) መጽሐፍም የዔሊን ድካም አልሰወረም፤ ስለዚህ ግን ሳሙኤልን ያሳደገ መሆኑ አልተካደም።

ባለፈው ወር ሁለት ሆነን ወደ እኅታችን ቤት ሄድን። እናቷ አርፈዋል። የመምህራችንን ማረፍ አልሰማችም ነበርና ስንነግራት አለቀሰች፤ ውዳሴ ማርያም ያስጠኗት እርሳቸው እንደ ነበሩም ነገረችን። ይቅርታ የጠየቅናት ስለ እርሳቸው ሳይሆን ስለ ራሳችን ነው። ለዓመቱ መታሰቢያ ትመጣ እንደ ሆነ ጠየቅናት። «አስቤ እነግራችኋለሁ» ብላናለች።