ሁሉም ጠገራ ብር 1780 ይላል

ዓመቱ በራሱ ላይ የተጻፈበትን ዕቃ እድሜ ማጣራት ምን ያደርጋል? አሮጌ ገንዘብ በሚሸጥባቸው የቴሌግራም ግሩፖች ውስጥ ስዞር ይሄ ጥያቄ አይለቀኝም። «የ1780 ኦሪጅናል ማርትሬዛ፣ ከ240 ዓመት በላይ የቆየ፣ ዋጋ በውስጥ መስመር» ዓይነት ማስታወቂያ ሞልቷል። ፎቶው ጥርት ያለ ነው፣ ቁጥሩም ይነበባል። ሻጩ የጻፈው ብሩ ላይ ያነበበውን ነው። ታዲያ ዋሽቷል?

የኦስትሪያዋ እቴጌ ማሪያ ቴሬዛ የሞተችው በፈረንጆቹ 1780 ነው። ከዚያ በኋላ የተቀረጸው ጠገራ ብር ሁሉ መልኳንና ያንኑ ዓመት ይዞ ቀጠለ፤ በእኛ አገርና በቀይ ባሕር ዙሪያ ያለው ገበያ የለመደውን መልክ ካላየ አልቀበልም ይል ነበርና። ቪየና ብቻም አይደለችም፤ ሮም፣ ለንደን፣ ፓሪስ፣ ብራስልስና ቦምቤይም ቀርጸውታል። ቪየና ዛሬም ለሰብሳቢዎች ትቀርጸዋለች። ስለዚህ 1780 የሚለው ቁጥር፣ እንደ እቴጌይቱ መሸፈኛና እንደ ትከሻዋ ጌጥ፣ የመልኩ አካል ሆኗል።

«ብር ብር ነው፣ ምን ችግር አለው?» የሚል ይኖራል። አንድ ነገር ላንሳ። ኢጣሊያ በ1935 እኛን ለመውረር ስትዘጋጅ መቅረጫ ማኅተሙን ከኦስትሪያ ወስዳ ጠገራ ብር ሮም ላይ መቅረጽ ጀመረች፤ በኢትዮጵያ የሚታመነው ገንዘብ እሱ ነበር። እንግዲህ ሁለት ብር ጎን ለጎን ብታስቀምጡ፣ አንዱ በአጼ ቴዎድሮስ ዘመን በነጋዴ በቅሎ ተጭኖ የገባ፣ ሌላው ለወረራው የተቀረጸ ሊሆን ይችላል። መልካቸው አንድ፣ ዓመታቸውም አንድ። ታሪካቸው ግን አይገናኝም።

መለየት ይቻላል፣ ግን ልፋት አለው። ክብደቱ 28.07 ግራም ገደማ፣ ስፋቱ 40 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ የብር ይዘቱ ከ1000 እጅ 833 መሆኑ፣ ተራ ቅጂ እንዳልሆነ ይጠቁማል እንጂ መቼ እንደተቀረጸ አይናገርም። ለዘመኑ የትከሻ ጌጡን ዕንቁዎች፣ የንስሩን የጅራት ላባ፣ የፊደሎቹንና የነጥቦቹን አቀማመጥ ከካታሎግ ጋር ማስተያየት ያስፈልጋል። «ከቅድመ አያቴ የወረስኩት ነው» የሚለው ቃልም እውነት ሊሆን ይችላል፤ የሚያስረዳው ግን ብሩ ቤት ውስጥ ስንት ዘመን እንደቆየ ነው። የምኒልክ ብር ላይ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ። ፲፰፻፹፱ የሚለው በእኛ አቆጣጠር ነው፤ ፓሪስ ላይ የተቀረጸው በፈረንጆቹ 1897 ነው። ለውጭ ገዢ «1889» ብሎ ብቻ የሚጽፍ ሰው አንድ ፊደል ሳይዋሽ ስምንት ዓመት ይጨምራል።

እኔን የሚያስጨንቀኝ ግን አውቆ የሚዋሸው ሻጭ አይደለም፤ እሱማ ሌባ ነው፣ በቃ። የሚያስጨንቀኝ ላለማወቅ የሚጠነቀቀው ነው። ቢያጣራ «የቅርብ ጊዜ ነው» ብሎ ለመጻፍ ሊገደድ ነው። ስለዚህ አያጣራም። ሲጠየቅ «እኔ ባለሙያ አይደለሁም፣ የተጻፈውን ነው የነገርኳችሁ» ይላል። አለማወቁ እውነት ነው፤ ግን የመረጠው አለማወቅ ነው፣ ትርፍም ያገኝበታል። ዓይኑን ጨፍኖ «አላየሁም» የሚል ሰው አላየሁም ማለቱ እውነት ስለሆነ ብቻ ነጻ አይወጣም።

ገዢውስ? አንዲት እናት የምኒልክ ብር «ማርትሬዛ» ብለው በማርትሬዛ ዋጋ ሊሸጡ አወጡ እንበል። እናንተ ደግሞ ከዚያ በላይ እንደሚያወጣ ታውቃላችሁ። ዝም ብሎ መግዛት ይቻላል?

የሮማው ሲሴሮ «ስለ ግዴታዎች» በተባለው መጽሐፉ ተመሳሳይ ጥያቄ ያነሳል። ረሃብ ወደገባባት ወደ ሮድስ ደሴት አንድ ነጋዴ ከእስክንድርያ እህል ይዞ ይደርሳል። ሌሎች መርከቦች ከኋላው እየመጡ እንደሆነ አይቷል። ለሰዉ ይንገር ወይስ በውድ ይሽጥ? ሲሴሮ ሁለት ፈላስፎችን ያከራክራል፤ ዲዮጋን ዝም ማለት ማጭበርበር አይደለም ሲል፣ አንቲጳጥሮስ መናገር አለበት ይላል። ሲሴሮ ራሱ መደበቅ አልነበረበትም ብሎ ይፈርዳል።

እኔ እንደ ሲሴሮ አልጠብቅም። ገዢ የት እንዳለ፣ ዋጋው በሚቀጥለው ወር ወዴት እንደሚሄድ ማወቅ የነጋዴ ድካም ነው፤ የድካሙን ይብላ። ሰውየው እጁ ላይ የያዘው ነገር ምን እንደሆነ ግን ከዚህ ይለያል። ገበያውን ባለማወቃቸው ትርፍ ባገኝ በልጫቸው ነው። የገዛ ንብረታቸውን ባለማወቃቸው ትርፍ ባገኝ ግን ያልተስማሙበትን ነገር ወሰድኩባቸው ማለት ነው፤ የሸጡልኝ ማርትሬዛ ነዋ! «እማማ፣ ይሄ እኮ ማርትሬዛ አይደለም» ማለት አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ከዚያ በኋላ ዋጋ መከራከር ይቻላል፣ ላወቀበትም ሰው ኮሚሽን መጠየቅ ነውር የለውም።

ሁሉም ሰው ካታሎግ ገዝቶ የንስር ላባ ይቁጠር አልልም። ያላጣራ ሰው አለማጣራቱን መጻፍ ግን ይችላል፦ «ማርትሬዛ፣ የተጻፈበት ዓመት 1780፣ የተቀረጸበት ዘመን አልተጣራም»። ዋጋው ትንሽ ይወርድ ይሆናል። የወረደው ግን ከመጀመሪያውም የሻጩ ያልነበረው ገንዘብ ነው።