ነጩ ጥርስ የታለ?

በየስልኩ የሚዞረው ቪዲዮ ሥጋና አጥንት ይበሰብሳል እንጂ ድንጋይ አይሆንም፣ የሙዚየም ቅሪተ አካል ሁሉ ሰው ሠራሽ ነው ይላል። ቀጥሎ የሚመጣው ደግሞ ሜጋሎዶን የተባለው ግዙፍ ሻርክ ዛሬም በጥልቁ ባሕር አለ፣ ሳይንቲስቶች ደብቀውት ነው ባይ ነው። ሁለቱ አብረው አይሄዱም። ቅሪተ አካል ሁሉ ውሸት ከሆነ፣ ሜጋሎዶን የሚባል እንስሳ እንደነበረ ማን ነገራቸው?

የመጀመሪያው ጥርጣሬ ግን የሚናቅ አይደለም፤ በተለይ አዘና ለሚኖር ሰው። በአዊ ምድር የሚረገጠው ከእሳተ ገሞራ የወጣ ጥቁር ድንጋይና ከእሱ የተገኘ ቀይ አፈር ነው፤ ዘንገና ሐይቅም የተኛው በእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ውስጥ ነው። ቀልጦ የፈሰሰ ድንጋይ ዛጎል አያስቀርም።

ወደ አዲስ አበባ የሚወስደው መንገድ ደጀንን አልፎ ዓባይ በረሃ ሲገባ ነገሩ ይለወጣል። ከጥቁሩ ድንጋይ ሥር ነጣ ያለ የኖራ ድንጋይ ይመጣል፤ ውፍረቱ በመቶዎች ሜትር የሚቆጠር ነው። በውስጡ ዛጎልና ቀንድ አውጣ ተቀብሯል፤ በዛጎሉ ላይ የተሰመሩት ቀጫጭን መስመሮች በጥፍር ሲነኩ ይታወቃሉ። ከ150 ሚሊዮን ዓመት በፊት ገደማ እዚህ ባሕር ነበር።

ሰው ቀብሮት ይሆን? የዚሁ ባሕር ድንጋይ ሙገር ላይ እየተፈለጠ ሲሚንቶ ይሆናል። ለወፍጮ የሚሆን ተራራ ሙሉ ዛጎል ማን ይቀብራል!

የኖኅ ዘመን ውሃ ጥሎት ይሆን? ይህን በቀላሉ አላለፍኩትም። ከኖራው ድንጋይ ሥር ግን ጀሶ አለ፤ ጀሶ የሚቀረው የባሕር ውሃ ሲተን ነው። መጀመሪያ ውሃው ተኗል፣ ኋላ ባሕሩ ተመልሶ ዛጎል አርብቷል። አንድ ጎርፍ ይህን ሁሉ አይሠራም።

ሥጋው በእርግጥ ይበሰብሳል፤ እዚህ ላይ ቪዲዮው ልክ ነው። ጠንካራውን ክፍል ግን ጭቃ ቶሎ ካለበሰው፣ ማዕድን ያዘለ ውሃ እየሰረገ ቀስ በቀስ ይተካዋል። የሻርክ አጽም ለስላሳ ስለሆነ ብዙውን ጊዜ የሚተርፈው ጥርሱ ነው።

የሜጋሎዶንን ወሬ ያጋጋለው እ.ኤ.አ. በ2013 ዲስከቨሪ ቻናል ያሳየው ፊልም ነው፤ «ሳይንቲስቶቹ» ተዋንያን ነበሩ። ወሬው የሚደገፍበት ሌላ ነገርም አለ። ቻሌንጀር የተባለችው የእንግሊዝ መርከብ እ.ኤ.አ. በ1870ዎቹ ከውቅያኖስ ወለል ጥርሶች አውጥታ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1959 አንድ ተመራማሪ የተለበጡበትን ማንጋኒዝ ለክቶ ከ11 ሺህ እስከ 24 ሺህ ዓመት ገመታቸው። ልባጩ ግን በአንድ ፍጥነት አይደረብም፤ ድንጋይ ከሆነ በኋላም ጥርሱን ሊለብጠው ይችላል። ሻርኩ መቼ እንደሞተ አይናገርም።

የሚከብደው የሲላካንት ነገር ነው። ከዳይኖሰሮች ጋር ጠፋ ሲባል የኖረው ይህ ዓሣ እ.ኤ.አ. በ1938 ደቡብ አፍሪካ አጠገብ በመረብ ወጣ። ስለዚህ «ጠፍቷል» መባሉ ብቻውን አያሳምነኝም። ሲላካንት ግን በባሕር ውስጥ ዋሻ የሚሸሸግ ነው። ሜጋሎዶን ዓሣ ነባሪ ይበላ ነበር፤ ሻርክ ደግሞ በዕድሜው በሺዎች የሚቆጠር ጥርስ ያረግፋል። ቢኖር ኖሮ ድንጋይ ያልሆነ አንድ ነጭ ጥርስ በአጥማጆች መረብ ይገባ ነበር። እስካሁን የወጣው ሁሉ ድንጋይ የሆነ ነው።