ትንሽ ወፍን ስለ ማላመድ

ሰው ብቸኝነት በተሰማው ጊዜ ከፍጥረት መካከል ባልንጀራ መፈለጉ የቈየ ልማድ ነው። ነገር ግን ትንሽ ወፍን በቀፎ አኑሮ «ባልንጀራዬ ነው» የሚል ሰው፥ ውሻና ድመት ያለው ሰው የማይጠየቀውን ጥያቄ ይጠየቃል። ውሻ በሩ ተከፍቶ ሳለ ይቀመጣል፤ ወፍ ግን በሩ ስለ ተዘጋ ይቀመጣል። በተዘጋ በር ውስጥ ያለውን ባልንጀራ ብሎ መጥራት ይገባልን?

ነገሩ እንዲገለጥ ካናሪ የሚባለውን ወፍ መመልከት ይበቃል። ክብደቱ 20 ግራም ያህል ነው። ስሙን ያገኘው ከአፍሪቃ ምዕራብ ጠረፍ ፊት ለፊት ካሉት ከካናሪ ደሴቶች ነው፤ እስጳንያውያን በ15ኛው መቶ ዓመት ደሴቶቹን በያዙ ጊዜ ወደ አውሮፓ ይወስዱት ጀመር። በዱር ያለው ዛሬም አረንጓዴና ግራጫ የተቀላቀለበት ነው፤ ሁሉ የሚያውቀው ብጫ ቀለም የሰው ምርጫ ሥራ ነው። በጀርመን አገር በሐርትስ ተራራዎች የሚኖሩ የማዕድን ሠራተኞች ድምፁ ያማረውን እየለዩ ብዙ ትውልድ አራብተውታል። በእንግሊዝ አገር ደግሞ ጆን ስኮት ሃልዴን የሚባለው ሊቅ በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በሰጠው ምክር፥ የከሰል ቈፋሪዎች ወደ ጕድጓድ ይዘውት ይወርዱ ነበር። መርዘኛ አየር ከሰው አስቀድሞ ስለሚጥለው፥ እርሱ ሲወድቅ ሰዎቹ ይሸሻሉ። ይህ ልማድ እንዲቀር የተወሰነው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1986 ነው። ከቈፋሪዎቹ ብዙዎቹ ወፉን ይወዱት ነበር፤ ሆኖም ይዘውት የወረዱት ቀድሞአቸው እንዲወድቅ ነው። መውደድና መጠቀሚያ ማድረግ በአንድ ልብ ውስጥ ሳይጣሉ እንደሚኖሩ ከዚህ ይታያል።

ለጥያቄው ፈጥኖ የሚመጣው መልስ «እንግዲያውስ ይለቀቅ» የሚለው ነው። ጆርጆ ቫሳሪ በ1550 ባሳተመው የሠዓልያን ታሪክ እንደ ነገረው፥ ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ ወፍ በሚሸጥበት ስፍራ ሲያልፍ ዋጋውን እየከፈለ፥ ወፎቹን በእጁ ከቀፎ እያወጣ ይለቃቸው ነበር። ሥራው ያማረ ነው፤ ከዱር ተይዞ ለመጣ ወፍ ደግሞ እውነተኛ ምሕረት ነው። አባቱና አያቱ ከዚያም በላይ ያሉት ሁሉ በቀፎ ለተወለዱበት ካናሪ ግን እንዲህ አይደለም። ምግቡን መፈለግ፥ ከጭልፊትም መሸሸግ አልተማረም፤ በሩን ከፍቶ የሚለቀው ሰው «ነጻነት ሰጠሁት» ይላል እንጂ ለራብና ለብርድ አሳልፎ መስጠቱ ነው። ነጻነቱን የወሰዱት ሰዎች ከሞቱ ብዙ ዘመን ሆኖአቸዋል። የዛሬው ገዢ ያልሠራውን በደል ወርሶአል፤ ሊመልሰውም አይችልም፤ ዕዳው ከቀፎው ጋራ አብሮ ተሸጦለታል።

ስለዚህ ምርጫው ራሱ የፍርድ ነገር ነው። ከዱር የተያዘውን የሚገዛ ሰው ሌላው እንዲያዝ ዋጋ ከፈለ ማለት ነው፤ የአውሮፓ ኅብረት ከ2007 ጀምሮ እንዲህ ያለው ወፍ ለንግድ እንዳይገባ መከልከሉ የተገባ ነው። በቀፎ ከተወለዱትም መካከል በቀለም ብቻ መምረጥ የሰነፍ ምርጫ ነው። ወፍ ሕመሙን ይሸሽጋል፤ እንግዳ ሲቀርብ ደኅና መስሎ ይቆማል። አስተዋይ ገዢ ጥቂት ራቅ ብሎ ዝም ብሎ ይቈያል፤ ያን ጊዜ የታመመው ላባውን ነፍቶ ዓይኑን ይጨፍናል፤ ጤነኛው ከእንጨት ወደ እንጨት ይዘላል።

ማላመድ ግን ከምርጫ ይከብዳል፤ ሁለት መንገድ አለውና። አንደኛው በራብ ነው። ወፉን አስርቦ ከእጅ በቀር ምግብ እንዳያገኝ ያደረገ ሰው በጥቂት ቀን ውስጥ እጁ ላይ ያሳርፈዋል፤ ለጐብኚም «እንዴት እንደ ወደደኝ ተመልከት» ይላል። ይህ ፍቅር ከተባለ፥ በድርቅ ዘመን ጐተራ ዘግቶ ድኆችን ያስገበረ ባለጠጋም ተወዶ ነበር ማለት ነው። ሁለተኛው መንገድ በትዕግሥት ነው። ምግቡ በቀፎው ውስጥ ሞልቶ ሳለ፥ ሰውየው በየቀኑ በአንድ ሰዓት ይቀመጣል፤ እጁን ቀስ ብሎ ያስገባል፥ ሳያሳድድም ያወጣል። ሳምንታት ያልፋሉ፤ ምናልባትም ወፉ ከቶ አይመጣም። በዚህ መንገድ አስቀድሞ የሚላመደው ሰውየው ነው፤ ችኰላውን፥ ድንገተኛ ድምፁን፥ የመያዝ ምኞቱን ይተዋል። በኢትዮጵያ እህል በሚበጠርበት ደጅ ድንቢጦች እስከ ሴቶቹ እግር ድረስ ቀርበው ይለቅማሉ፤ እነዚያን ማንም አላላመዳቸውም፤ ስላላሳደዱአቸው ቀረቡ እንጂ።

ከሁሉ የሚበልጠው ፈተና ከዜማው ይመጣል። በካናሪ ዘንድ አጥርቶ የሚዘምረው ተባዕቱ ነው፤ የሚዘምረውም ስፍራውን ለማስከበርና እንስቲቱን ለመጥራት ነው እንጂ ባለቤቱን ለማመስገን አይደለም። ፌርናንዶ ኖተቦም የሚባለው ሊቅ በኒው ዮርክ በሮክፌለር ዩኒቨርሲቲ ሲመረምር፥ በአንጎሉ ውስጥ ለዜማ የተመደበው ክፍል በጸደይ እንደሚሰፋ፥ የመዋለጃው ወራትም ሲያልፍ እንደሚያንስ አገኘ፤ በ1983 ከአንድ ባልደረባው ጋራ በጎልማሳው ካናሪ አንጎል አዳዲስ የነርቭ ሕዋሳት እንደሚወለዱ አስታወቀ። ወፉ ከዜማው ከፊሉን እየጣለ በየዓመቱ ሌላ ይማራል። ብቻውን በቀፎ የተቀመጠው እንግዲህ ለማትመጣ እንስት በየዓመቱ ዜማውን ያድሳል።

አርቢዎችም ይህን ስለሚያውቁ፥ ዜማ የሚወድ ገዢ ተባዕቱን ለብቻው እንዲያኖር ይመክሩታል፤ እንስት የገባችለት ወፍ ዝማሬው ይቀንሳልና። ብቸኝነቱን ለማባረር ወደ ገበያ የወጣው ሰው እዚህ ላይ ይያዛል። የሚያጽናናው ዜማ የሌላው ብቸኝነት ድምፅ ነው፤ ዜማው እንዲቀጥል ሸክሙን ከራሱ አንሥቶ 20 ግራም በምትመዝን ነፍስ ላይ ማኖር አለበት። ሁለት ተባዕት በአንድ ቀፎ ቢያኖራቸው ይጣላሉ፤ የሚቀረው እንስቲቱን ማምጣት ነው። ያን ጊዜ ወፉ ወደ እጁ መምጣቱን ይቀንስ ይሆናል፤ ጐብኚዎችም «ምነው ወፍህ ዝም አለ» ይሉታል። ባለቤቱ በማለዳ ቡናውን ይዞ በመስኮት አጠገብ ሲቀመጥ የሚሰማው ያን ረጅሙን ዜማ ሳይሆን፥ ሁለቱ እርስ በርሳቸው የሚለዋወጡትን፥ እርሱ የማይጠራበትን አጭር ድምፅ ነው።