ድምፁን የቀነሰው መምህር

ከጥቂት ዓመታት በፊት «ቴክኖሎጂን በክፍል ውስጥ መጠቀም» በሚል ርዕስ የሦስት ቀን ሥልጠና ገብተን ነበር። ኮምፒውተሩ ለሦስት ሰው አንድ ደረሰን። ማውዙን የያዘው ከመካከላችን በዕድሜ የሚያንሰው ነው። በግራዬ የተቀመጡት፣ ጡረታ ሊወጡ ጥቂት የቀራቸው መምህርት ግን ከቦርሳቸው ደብተር አውጥተው አሠልጣኙ ያለውን ሁሉ በቁጥር እያስቀመጡ ይጽፋሉ። አንድ፣ ይህን መጫን። ሁለት፣ ከላይ በስተግራ ያለውን መጫን። ሦስት፣ ከሚመጣው ዝርዝር አራተኛውን መምረጥ። በሁለተኛው ቀን ከምሳ በኋላ መብራት ጠፋ። አዳራሹ ጭር ሲል እስክሪብቷቸውን አስቀመጡና ወደ እኔ ዞረው፣ «ልጄ፣ ይህን ሁሉ የምጫነው ልጆቹ ምኑ ሳይገባቸው ሲቀር ነው?» አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም። መብራት መጣ፣ ወደ ስላይዱ ተመለስን፣ በሦስተኛው ቀን የምስክር ወረቀታችንን ተቀብለን ተበታተንን። ጥያቄያቸው ግን እስከ ዛሬ አብሮኝ አለ። ከዚያ ወዲህ የገባሁበትን ሥልጠና ሁሉ የምመዝነው በእሱ ነው።

ሥልጠና የሚለውን ቃል አፋችን ስለለመደው ከየት እንደመጣ አንጠይቅም። ከሥልጣን ጋር ሥሩ አንድ ነው። በዚህ ከሄድን መምህር በአንድ መሣሪያ ሠለጠነ የሚባለው በመሣሪያው ላይ ሥልጣን ሲኖረው ነው ማለት ነው። ግን በመሣሪያ ላይ ሥልጣን መያዝ ምንድን ነው? አራሹን እንመልከት። ዕርፉን ይዞ በሬዎቹን ሲከተል ዓይኑ ያለው አፈሩ ላይ ነው። መሬቱ ሲጠጥርበት ይጫናል፣ ድንጋይ ሲነካ ያነሣል፣ ረግረግ ሲሆን ጭራሽ አያርስም። ስለ ዕርፉ የሚያውቀው ነገር ሁሉ ስለ መሬቱ ከሚያውቀው ጋር የተገመደ ነው። መሬት አይቶ ለማያውቅ ሰው ስለ ዕርፍ ሦስት ቀን ሙሉ ብናወራለት ቃሉን ያጠናል እንጂ አራሽ አይወጣውም። የመምህር መሬቱ ተማሪው ያልገባው ነገር ነው። መምህርቷ በጨለማው አዳራሽ የጠየቁኝም ስለ መሬቱ ነበር።

መሣሪያ ያለ ሥልጣን ሲመጣ ምን እንደሚመስል በአገር ደረጃ አይተነዋል። በ1997 ዓ.ም. የፕላዝማ ቴሌቪዥን ትምህርት በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሲገባ ከተማሩት አንዱ ነኝ። ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪ፣ ባዮሎጂ፣ እንግሊዝኛ፣ ሥነ ዜጋ በሳተላይት ከአዲስ አበባ ይሠራጫል። ከ40 ደቂቃው ክፍለ ጊዜ 30 ያህሉ የማያ ገጹ ነው። መምህሩ መጀመሪያ ላይ ጥቂት ደቂቃ ያስተዋውቃል፣ መጨረሻ ላይ ጥቂት ደቂቃ ይቋጫል። ማስቆም የለም፣ ወደኋላ መመለስ የለም። በማያ ገጹ ላይ ያለችው መምህርት በእንግሊዝኛ ጥያቄ ትጠይቃለች፣ ጥቂት ሰከንድ ትጠብቃለች፣ መልሱን ነግራ ታልፋለች። እጁን ያወጣውን ተማሪ አታየውም። በደሉን ብቻ ማውራት ግን ፍርድ ማጓደል ይሆናል። ቤተ ሙከራ በሌለው ትምህርት ቤት የተማርን ልጆች አሲድና ቤዝ ሲቀላቀሉ የአመልካቹ ቀለም እንዴት እንደሚለወጥ መጀመሪያ ያየነው በፕላዝማ ነው። ያን ቀን ክፍሉ እንዴት ጸጥ እንዳለ አልረሳውም።

የማልረሳው ሌላም ቀን አለ። የሒሳብ ትምህርት ነበር፤ ካሬ ማሟላት። ስሌቱ በማያ ገጹ ላይ እየተደረደረ ይሄዳል፣ እኛ ለመገልበጥ እንሯሯጣለን። መምህራችን እንደወትሮው በር አጠገብ ቆመዋል። ድንገት ወደ ኮሪደሩ ብቅ ብለው ግራና ቀኝ አዩ፣ በሩን ገርበብ አደረጉ፣ ወደ ፕላዝማው ሄደው ድምፁን ጨርሰው ቀነሱት። ምስሉን አልዘጉትም። ጠመኔ አንሥተው ሰሌዳው ላይ አንድ ካሬ ሣሉ። «ይህ መሬት ነው፤ ጎኑ ኤክስ» አሉ፣ በአማርኛ። «ስድስት ኤክስ ተጨመረለት። እኩል አካፍለን ሦስቱን በዚህ ጎን፣ ሦስቱን በዚያ ጎን እናስጠጋው። አሁን ካሬ ሆነ?» አልሆነም። አንድ ጥግ ጎድሏል። «የጎደለችው ጥግ ስፋቷ ስንት ነው?» ሦስት በሦስት፤ ዘጠኝ! ከኋላ ወንበር ሳይቀር ጮኽን። የማያ ገጿ መምህርት አፍ ያለ ድምፅ ይንቀሳቀሳል። ትንሽ ቆይቶ ግራፉ ሲመጣ መምህራችን ቀና ብለው አዩት፣ በጠመኔው ጠቆሙትና፣ «ያቺ ጥግ እዚህ ምን እንደሠራች እዩ» አሉን።

በክፍል ውስጥ ቴክኖሎጂን መጠቀም ሲባል እስከ ዛሬ ከዚያ የሚበልጥ አላየሁም። ድምፁ ከተማሪው እንደቀደመ አወቁ፣ ምስሉ ግን እንደሚጠቅም አወቁ፣ ሁለቱን ለያዩአቸው። ያን ማንም አላሠለጠናቸውም። ኮሪደሩን ማየታቸው ግን ዛሬም ያሳዝነኛል። ዩኒት ሊደሩ የፕላዝማው ድምፅ የማይሰማበት ክፍል አግኝቶ «ለምን?» እንዳይላቸው ነው። ችሎታው ነበራቸው፣ ፈቃዱ አልነበራቸውም። ሥልጣንን ሥልጣን የሚያደርጉት ሁለቱም ናቸውና፣ መምህሩን አሠልጥኖ ክፍሉ ውስጥ እንዳይወስን ማድረግ የሰጡትን መልሶ እንደ መቀማት ነው። ይህ ነገር በፕላዝማ ዘመን አላበቃም። ዛሬም በብዙ የክፍል ምልከታ ቅጽ ላይ «ቴክኖሎጂ ተጠቅሟል» የሚል መስመር አለ። መምህሩ ሱፐርቫይዘር የሚመጣ ቀን ፕሮጀክተር ይዘረጋል። በዚያ መስመር ላይ ምልክት እንዲደረግለት እንጂ ተማሪው ያልገባው ነገር ስላለ አይደለም። ሆን ብሎ ፕሮጀክተሩን ትቶ በጠመኔ ያስተማረ መምህር ለምን እንደተወው የሚጽፍበት ቦታ በቅጹ ላይ አላየሁም።

ይህን ስል መሣሪያ አልነካም ለሚል ሰው ጥብቅና መቆሜ አይደለም። ሳያውቁት የሚዘጉት መሣሪያ ላይ ሥልጣን የለም። ፍርሃት ነው ያለው። መምህራችን ድምፁን ብቻ መቀነስ የቻሉት ምስሉ ውስጥ ምን እንደሚመጣ ስለሚያውቁ ነው።

አሜሪካዊው የትምህርት ምሁር ሊ ሹልማን እ.ኤ.አ. በ1986 ያነሣው ሐሳብ እዚህ ላይ ይረዳናል። መምህር ከትምህርቱ ዕውቀትና ከማስተማር ዘዴ ሌላ የሚያውቀው ነገር አለ፤ ይህ ርዕስ ለተማሪ ለምን እንደሚከብድ፣ የት ላይ እንደሚያደናቅፍ፣ በየትኛው ምሳሌ እንደሚፈታ። እ.ኤ.አ. በ2006 ሚሽራና ኮህለር የተባሉ ተመራማሪዎች ቴክኖሎጂን በዚያው ላይ ጨመሩ። የመሣሪያው ዕውቀት ከሁለቱ ጋር ሳይዋሐድ ለብቻው ቢሰጥ መምህርነትን አይጨምርም ነው ሐሳባቸው። እኔ ፊዚክስ ስለማስተምር ይህን የተረዳሁት በአምፖል ነው። ሁለት የእጅ ባትሪ አምፖሎች በአንድ መስመር ቀጥለን ከባትሪ ድንጋይ ጋር ስናገናኛቸው ብዙ ተማሪ፣ «የመጀመሪያው አምፖል ኤሌክትሪኩን ይበላዋል፣ ለሁለተኛው ትንሽ ይተርፈዋል» ብሎ ያስባል። ይህ ስሕተት በየአገሩ ያለ ነው። ከሱቅ የሚገዙ አምፖሎች ደግሞ ብዙ ጊዜ እርስ በርሳቸው እኩል ስላልሆኑ አንዱ ደምቆ ሌላው ፈዝዞ ይታያል። ተማሪው «ይኸው፣ አላልኩም?» ይላል። እውነተኛው አምፖል ለተሳሳተ ሐሳብ መስክሮለት አረፈው! በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2002 በካርል ዋይማን የተጀመረው «ፌት» የሚባለው የሳይንስ ማሳያ ግን አምፖሎቹን ፍጹም እኩል ያደርጋቸዋል፣ የሚፈስሰው ኤሌክትሪክ በሁለቱም በኩል አንድ መሆኑን ያሳያል። አንድ ጊዜ ከወረደ ኢንተርኔትም አይፈልግም። ስልኬን ከኪሴ የማወጣው መቼ እንደሆነ የነገረኝ ስልኩ አይደለም። ልጁ «አላልኩም?» ያለባት ቅጽበት ናት።

«ልጆች እኮ ያለ መምህር ይማራሉ» የሚል አለ፤ ማስረጃውም ከእኛው አገር ነው። በ2004 ዓ.ም. ግድም «አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ» የተባለው ድርጅት ትምህርት ቤት ላልነበራቸው ሕፃናት፣ በወንጪና በወለንጪቲ አካባቢ በሚገኙ ሁለት መንደሮች፣ ታብሌቶችን በእሽጋቸው ሰጠ። አስተማሪ አልተመደበም። የድርጅቱ መሥራች ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ በኋላ እንደተናገረው፣ ልጆቹ በደቂቃዎች ውስጥ ማብሪያውን አገኙ፣ በሳምንታት ውስጥ የእንግሊዝኛ ፊደል መዝፈን ጀመሩ፣ በወራት ውስጥ የተቆለፈውን ካሜራ ከፈቱ። እነዚያን ልጆች ሳስብ ደስ ይለኛል። የሰው ልጅ ጉጉት ምን ያህል እንደሆነ ለሚጠራጠር ሰው የምነግረው የእነሱን ታሪክ ነው። ነገር ግን ልጆቹ ያገኙት ማብሪያውን ነው። በታብሌቱ ውስጥ ምን እንደሚገባ የመረጠ ትልቅ ሰው ነበር። በየሳምንቱ እየመጣ ልጆቹ ምን እንደነኩ የሚያይ ባለሙያም ነበር። መምህሩ አልጠፋም፤ ሩቅ ሄዶ ተቀመጠ እንጂ። እንዲያውም ልጅ ማብሪያውን በደቂቃ የሚያገኝ ከሆነ፣ መምህርን ሦስት ቀን ስለ ማብሪያ የምናሠለጥንበት ምክንያት ምንድን ነው?

መሣሪያ ሲመጣ መምህሩ ይቀራል ወይ የሚለው ጥያቄ በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ዘንድም አቻ አለው። የቅዱስ ያሬድ ዜማ ምልክት የተሠራለት በ16ኛው መቶ ዘመን፣ በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ በአዛዥ ጌራና በአዛዥ ራጉኤል እንደሆነ ይነገራል። ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ጭረት፤ ከቃሉ በላይ የሚቀመጡ ጥቃቅን ምልክቶች። ለዜማ ቤት እንግዳ ቴክኖሎጂ ነበሩ። የኔታን ግን አላስቀሩም። ዜማውን ከመምህሩ አፍ ያልሰማ ሰው ምልክቱን ብቻ አይቶ አይቃኝም። ድጓ የተማረውም ዓመታት ቆይቶ፣ ጋይንት ቤተልሔም ወርዶ ማስመስከር አለበት። እዚያ የሚመሰክሩለት ሲያዜም ሰምተው፣ ሲሳሳት አርመው ነው። እኔ ከሦስት ቀን ሥልጠና ይዤው የወጣሁት ወረቀትም ስሙ «የምስክር ወረቀት» ነው። የፈረመልኝ ሰው ግን አንድ ቀን እንኳ ሳስተምር አላየኝም። ምን አይቶ ነው የመሰከረልኝ?

በአገራችን ለእያንዳንዱ መምህር በዓመት 60 ሰዓት ተከታታይ የሙያ ማሻሻያ ተመድቦለታል፤ ተሙማ የምንለው ነው። ስድሳ ሰዓት ብዙ ነው። ብዙ ቦታ የሚያልቀው ግን ማህደረ ተግባር በመሙላት፣ ካለፈው ዓመት በመገልበጥ ነው። በዚያ ሰዓት ሁለት የአንድ ትምህርት መምህራን ተራ በተራ ክፍል ገብተው ቢተያዩ፣ ተማሪው የት ላይ እንደወደቀ ቢጽፉና ለዚያ ውድቀት ጠመኔ ይሻል ወይስ ስልክ ብለው ቢከራከሩ፣ አዳራሽም አበልም አያስፈልግም። መምህራን ይህን እንደሚችሉ ያየነው ትምህርት ቤቶች በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ሲዘጉ ነው። እኔ በማውቃቸው መምህራን ዘንድ የቴሌግራም ሥልጠና የሰጠ አልነበረም። በሳምንታት ውስጥ ግን የሰሌዳቸውን ፎቶ የሚልኩ፣ በድምፅ መልእክት የሚያብራሩ፣ «ይሄኛው አልገባቸውም፣ አንተ እንዴት አስረዳኸው?» እየተባባሉ የሚማማሩ ሆኑ። የተነሡት ልጆቹ ካልገባቸው ነገር ስለነበር መሣሪያው ተከተላቸው።

ባለፈው ወር ከክፍል በኋላ አንዲት ወጣት ባልደረባዬና እኔ ባዶ ክፍል ውስጥ ቀርተን ነበር። ጠረጴዛው ላይ ሁለት አምፖል፣ ሁለት ባትሪ ድንጋይ፣ ቁራጭ ሽቦና የእሷ ስልክ። እኔ ስልኩ ይቅደም አልኩ። እሷ አምፖሎቹን ቦታ አለዋወጠቻቸው። የደመቀው ሁለተኛ ሆኖም እንደደመቀ ቀረ። «ይኸው፣ ተበልቶ ቢሆን ኖሮ አሁን መፍዘዝ የነበረበት እሱ ነበር። ስልኩ ለምን ያስፈልገናል?» አለችኝ። «አምፖሉን ያዩታል፤ ሽቦው ውስጥ የሚሆነውን ግን አያዩትም» አልኳት። «መጀመሪያ ይጠራጠሩ፣ ከዚያ ይዩት» አለች። እንደገና አለዋወጥናቸው። የጥበቃው ጋሼ ቁልፋቸውን እያንቃጨሉ በር ላይ ቆሙ። «አንድ አምስት ደቂቃ፣ ጋሼ» አለቻቸው፣ ሽቦውን በጥርሷ እየላጠች።