ያረጀን ማደስ፣ የተበደለን መካስ

የሰው ልጅ ከእንስሳት የሚለየው መሣሪያ በመሥራቱ ነው ሲባል እንሰማለን። አባባሉ እውነትነት ቢኖረውም ጎደሎ ነው። ሰው መሣሪያ ሠርቶ ብቻ አያቆምም፤ ሲሰበርበት ይጠግነዋል፣ ሲያረጅበት ያድሰዋል፣ ከዚያም አልፎ «ይህ የአባቴ ነበር» ብሎ ለልጁ ያወርሰዋል። ስለዚህ በአንድ መሣሪያ ላይ የሠሪው ድካም ብቻ ሳይሆን የተጠቃሚዎቹም ሕይወት፣ በጎ ሥራቸውና በደላቸው ጭምር ተጽፎ ይገኛል። እንግዲህ ያረጀን ነገር ለማደስ እጁን የሚዘረጋ ሰው የሚነካው ብረቱን ብቻ ነውን? ማደስስ የቀድሞውን መልክ መመለስ ነው ወይስ በዕቃው ላይ የደረሰውን ሁሉ ይዞ ለዛሬ ሥራ ማብቃት?

ይህን ጥያቄ ያመጣብኝ መጽሐፍ አይደለም። በድብ ባሕር አክስቴ ቤት፣ በጎተራው ጥግ፣ በጭድ ተሸፍኖ ለብዙ ዘመን የቆየ አንድ አሮጌ ሞተር ብስክሌት ነው።

ከጎንደር ተነሥቶ በደባርቅ በኩል ወደ ሽሬ የሚጓዝ ሰው የሊማሊሞን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ሲወርድ ድብ ባሕርን ያገኛታል። መንገዱ ጥንታዊ ነው። ከምጽዋ ወደ ጎንደር የሚወጣው ሲራራ ነጋዴ ይህን ዐቀበት በበቅሎና በአህያ ሲፈጋበት ኖሯል፤ ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስም በ1762 ዓ.ም. ወደ ጎንደር የገባው በዚሁ በኩል ነው። በወረራው ዘመን ፋሽስት ጣሊያን ገደሉን አስፈልፍሎ መኪና አሳለፈበት፤ ግን ብዙ አልተጠቀመበትም። በምሥራቅ አፍሪካ የመጨረሻው ምሽጉ የነበረችው ጎንደር ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ከእጁ ወጣች። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ደግሞ የእርስ በርሱ ጦርነት እስከዚህ ገደል ግርጌ ደረሰ። ሞተር ብስክሌቱ ይህን የመጨረሻውን ጦርነት ያሳለፈው በጭዱ ውስጥ ተቀብሮ ነው።

ባለቤቱ የአባቴና የአክስቴ ታላቅ ወንድም ነበር። በጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የተማረ ሳኒቴሪያን ነው። ኮሌጁ በ1947 ዓ.ም. የተቋቋመበት ምክንያት የሚታወቅ ነው፤ ከዚያ ቀደም ብሎ በደምቢያ ሜዳ የወረደው የወባ ወረርሽኝ በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ፈጅቶ ነበርና በገጠር ወርዶ የሚሠራ የጤና ሠራተኛ ማሠልጠን ግድ ሆነ። አጎቴም ከነዚያ ሠልጣኞች አንዱ ሆኖ ወደ ድብ ባሕርና ወደ ዛሪማ ቆላ ወረደ። በገዛ ደመወዙ በገዛው ሞተር ክሎሮኪን በከረጢት ይዞ ከመንደር መንደር ይዞር ነበር።

ሞተሩ የሆንዳ ኩባንያ «ሱፐር ከብ» የሚባለው ዓይነት ነው። ይህ ሞተር ለመጀመሪያ ጊዜ ገበያ የወጣው በ1958 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ጉልበቱ ኀምሳ ሲሲ እንኳን የማይሞላ ትንሽ መኪና ነው። የፍሪሲዮን እጀታ የለውም፤ ማርሹ በእግር ብቻ ይለወጣል። ይህ የሆነው ያለ ምክንያት አልነበረም። የታሰበው ምግብ በአንድ እጁ ይዞ ደንበኛ ቤት ለሚያደርስ የጃፓን ተላላኪ ልጅ ነበር። ኩባንያውን የመሠረቱት ሶይቺሮ ሆንዳ ከጦርነቱ ማግሥት ሥራ የጀመሩት የወታደር ሬዲዮ ኤሌክትሪክ ማመንጫ የነበሩ ትንንሽ ሞተሮችን እየሰበሰቡ በብስክሌት ላይ በመግጠም ነው። የጦር ዕቃ የነበረው ለሠርቶ አዳሪ እግር ሆነ። ከዚህ የሞተር ዓይነት እስከ 2017 እ.ኤ.አ. 100 ሚሊዮን ያህል መሠራቱ ሲታሰብ፣ ለአንድ ተላላኪ ምቾት የታሰበ ነገር ለስንቱ ድኻ እንደተረፈ መገመት አያዳግትም። በጃፓን ሳህን የሚይዘው ሁለተኛው እጅ በድብ ባሕር የመድኃኒት ከረጢት ያዘ።

ሞተሩን አስጭኜ ጎንደር ባስገባሁት ጊዜ ወዳጆቼ ሳቁብኝ። «ብዕርህን ጥለህ መፍቻ ያዝህ?» አሉኝ። በዚህ ኑሮ ውድነት አንድ ጎልማሳ ማታ ማታ ዝገት ሲፈገፍግ ማምሸቱ ቅንጦት አይደለምን? ነቀፌታው ሚዛን የሚደፋ ነው። ነገር ግን ሥራውን ስቀጥል ያልጠበቅሁትን ነገር ተረዳሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ ስለ ሠራተኛ ስጽፍና ስናገር ኖሬ፣ አንድ ብሎን ሳይበላሽ ለመፍታት የሚያስፈልገውን ትዕግሥት አላውቀውም ነበር። ካርቡራተሩን ፈትቼ ቀዳዳዎቹን በቤንዚን ሳጥብ፣ ያረጀውን የፒስተን ፋሻ ስለውጥ፣ ካንዴላውን ጠርጌ ክፍተቱን ስለካ፣ የእጅ ሥራ ከአእምሮ ሥራ የሚያንስበት ቦታ ጠፋኝ።

ይህ ንቀት የኛ አገር የቆየ ደዌ ነው። ከጎንደር ወደ ደባርቅ ሲወጣ በከተማይቱ ዳር ወለቃ የምትባል መንደር አለች። ቤተ እስራኤሎች ማረሻ የሚቀጠቅጡባት፣ ሸክላ የሚሠሩባት መንደር ነበረች። ከገበሬው እጅ ማረሻ፣ ከእመቤቲቱ ምድጃ ድስት እንዳይጠፋ ያደረጉትን ሰዎች የአካባቢው ሕዝብ ምን ብሎ ጠራቸው? ቡዳ አላቸው። ብረትን በእሳት የሚለውጥ እጅ የሰው ዓይን የሚበላ ነው ተባለ። አብዛኞቹ በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. ወደ እስራኤል ሄዱ፤ እኛ ግን ስሙን በሌላ ባለሙያ ላይ ለመለጠፍ ዛሬም አልቦዘንም። እጁን በዘይት ያላቆሸሸ ሰው ይህን ግፍ በጭንቅላቱ ይኮንነው ይሆናል እንጂ አይሰማውም።

ወደ ቃላቱም ልብ ብያለሁ። ካንዴላ፣ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሽ፣ ማርሚታ፣ ካቴና፣ ፓራፋንጎ፣ ካቻቢቴ፣ ጎሚስታ። የጋራዡ አማርኛ አብዛኛው ከጣሊያንኛ የመጣ ነው። ወራሪው ተባረረ፤ የመሣሪያው ስም ግን ከመካኒኩ አፍ ቀርቶ የአገር ልጅ ሆነ። ቋንቋችንም እንደ አሮጌ ሞተር ከያገሩ በመጣ ዕቃ እየተጠገነ የሚሄድ ነው። በዚህ የሚያፍር ካለ፣ ሞተሩን ያለ ካንዴላ ያስነሣው።

ከዚህ ላይ የጥንቱ እንቆቅልሽ ይመጣል። ፕሉታርክ እንደጻፈው፣ የአቴና ሰዎች የጀግናቸውን የቴሴዎስን መርከብ ሳንቃዎች በበሰበሱ ቁጥር በአዲስ እየለወጡ ለብዙ ዘመን አቆይተዋት ነበርና ፈላስፎቹ «መርከቢቱ ያችው ናት ወይስ ሌላ?» እያሉ ይከራከሩባት ነበር። ለኛ ገበሬ ግን ይህ እንቆቅልሽ አይሆንበትም። የጎጆው ክዳን በየጊዜው ይለወጣል፣ ምሰሶው ምስጥ ሲበላው ይተካል፣ ግድግዳው እንደገና ይመረጋል፤ ቤቱ ግን ያው የአያቱ ቤት ነው። ምክንያቱም ቤትን ቤት የሚያሰኘው እንጨቱ ሳይሆን በውስጡ የሚቀጥለው ኑሮ ነው። በዚህ ሚዛን ፋሻውን፣ ጎማውንና ካቴናውን ስለውጥ ሕሊናዬ አልወቀሰኝም።

የወቀሰኝ ሌላ ነገር ነው። በፊት ሹካው ላሜራ ላይ የጡጫ ያህል ስፋት ያለው ጎድጎድ ነበር። የሚረዳኝ ወጣት መካኒክ አየውና፣ «ጋሼ፣ ይህን በመዶሻ እመልሰዋለሁ፤ ቀለም ሲቀባ ሰው አያውቅም» አለኝ። እኔም ተስማማሁ። ነገሩን ለአክስቴ በስልክ ብነግራት ዝም አለች። ቆይታም፣ «እሱን አትንካው ልጄ። አጎትህም አልነካውም» አለችኝ። ታሪኩን የሰማሁት ያን ጊዜ ነው።

በ1966 ዓ.ም. ግድም ነው። አጎቴ ከዛሪማ ሲመለስ፣ ከድብ ባሕር ትንሽ እንደቀረው፣ የሸሸች ግልገል ተከትላ መንገድ የገባች አንዲት ልጅ በሞተሩ መታ። ልጅቱ ስምንት ዓመት አይሞላትም ነበር። እግሯ ተሰበረ፤ በወጌሻ ታሽታ ብትድንም ተጣሞ ቀረ። በአገር ሽማግሌ ዳኝነት ካሣ ተከፍሎ ዕርቅ ወረደ። አጎቴ ግን ከዚያ ቀን ወዲያ ሞተሩን አልነዳም። በእህቱ ጎተራ አስቀመጠውና ተዛውሮ ጎንደር ገባ። እኔ የማውቀው ዝምተኛውን አጎቴን ነው፤ የዝምታውን ምክንያት ሳላውቅ ቀበርሁት።

«ሰው አያውቅም» ያለው የልጁ ቃል ከዚያ በኋላ በጆሮዬ ይጮኽ ጀመር። ማደስ ማለት ሰው እንዳያውቅ ማድረግ ከሆነ ከማታለል በምን ይለያል? እኛ ጎንደሬዎች ለዚህ ትልቅ ምሳሌ በደጃችን አለን። የፋሲል ግንብ በወረራው ዘመን ሲጠገን በሲሚንቶና በብረት ነበር። ጠንካራ መሰለ። ግን ሲሚንቶ እንደ ኖራ አያስተነፍስም፤ እርጥበቱን በውስጥ ያምቀዋል፣ ድንጋዩም ከውስጥ ይጎዳል። በ1979 እ.ኤ.አ. ግቢው በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ በዚያው በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. የተጀመረው የጥገና ሥራም ያንን ሲሚንቶ እያነሡ በኖራ መተካትን ይጨምር ነበር። በላዩ ያማረ፣ በውስጡ ግን የሚያበሰብስ እድሳት አለ ማለት ነው። ሕዝብም እንዲሁ ነው። ባለፉት አምሳ ዓመታት ስንት ቁስል በሲሚንቶ ደፈንን! «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» የሚል ምሳሌ እየተረትን፣ የተወጋውን «እርሳ» ማለት ልማዳችን ሆኗል።

ስለዚህ ጎድጎዱን ተውሁት። ሌላውን ሁሉ አጽድቼ፣ ቀለም ቀብቼ፣ ያን ብቻ እንዳለ አቆየሁት። በሥራዬ ረካሁ፤ እውነቱን ለመናገርም ኮራሁ። ጠባሳውን ያልሸፈነ ሐቀኛ ሰው ሆኜ ራሴን አየሁት። ሞተሩም ከብዙ ዘመን በኋላ ተነሣ። እስከ ደባርቅ በመኪና አስጭኜ፣ ከዚያ በዝግታ ቁልቁለቱን ነድቼ ድብ ባሕር ገባሁ። ሴትዮዋ በሕይወት መኖራቸውንና ሻይ እየሸጡ መተዳደራቸውን አክስቴ ነግራኝ ስለነበር ሞተሩን በደጃፋቸው አቆምሁት። ማንነቴን ተናግሬ ጎድጎዱን አሳየኋቸው። አላጠፋሁትም አልኋቸው።

እሳቸውም አዩትና፣ «እኔን የሚያስታውሰኝ ብረት አይደለም ወንድሜ፤ ጧት ከመደብ ስወርድ እግሬ ይነግረኛል» አሉኝ። ቀጥለውም፣ «አጎትህ ሞተሩን ጥሎ ሄደ። እኔ አልሞትሁ፤ እሱ ግን ቀረ። በየሳምንቱ ክኒን የሚያመጣልን እሱ ነበር። በዓመቱ ወባ ገባና የሚደርስልን ጠፋ። መቼ ‘ሂድልን’ አልነው?» አሉ።

ምን መልስ ይሰጣል? አክስቴ እንደ ንስሓ፣ እኔም እንደ ትልቅ የሕሊና ሥራ ያየነው የአጎቴ ዝምታ በእሳቸው በኩል ሲታይ ሌላ በደል ሆኖ ተገኘ። አጎቴ ጥፋቱን አልካደም፤ ግን ጥፋቱን የራሱ ጉዳይ አደረገው። በጎተራ ውስጥ ሞተሩን ሲቀብር፣ መንደሩ የሚፈልገውን መድኃኒት አብሮ ቀበረ። ጸጸት ፊቱን ወደ ራሱ ሲያዞር እንዲህ ያደርጋል፤ የበደለውን ያሳዝነዋል፣ የተበደለውን ግን አይጠቅምም። የኔስ ሐቀኝነት ከዚህ በምን ይሻላል? ጎድጎዱን ያቆየሁት ለማን ነበር? እሳቸው አልጠየቁኝም። የራሴን ልብ ጌጥ በሰው እግር ስብራት ላይ እንዳንጠለጠልሁ ያወቅሁት በዚያች ደጃፍ ነው።

ሻዬን ስጨርስ ሴትዮዋ፣ «ለኔ ማድረግ ከፈለግህ፣ ለሐሙስ ደባርቅ ሆስፒታል ቀጠሮ አለኝ። ልጆቼ እዚህ የሉም። ከመኪና አውርዶ የሚደግፈኝ ባገኝ ደግ ነበር» አሉኝ።

ያ ሁሉ ድካም የፈሰሰበት ሞተር ለዚህ አልሆነም። ሁለት ሰው ይዞ ሊማሊሞን አይወጣም። በአክስቴ ግቢ አቁሜው፣ ሐሙስ ንጋት ላይ ሴትዮዋን ይዤ በሕዝብ ማመላለሻ ተሳፈርን። በሆስፒታሉ ተራ ስንጠብቅ ዋልን፤ ማታ ተመለስን። በመንገድ ላይ ስለ አጎቴ አንድም ቃል አላነሡም። ስለ ጤፍ ዋጋ አወራን።

እንግዲህ ለተነሣሁበት ጥያቄ ያገኘሁት መልስ ይህ ነው። ያረጀን ማደስ መልካም ሥራ ነው፤ እጅን ያስተምራል፣ የቀደመ ሰው ድካም እንዳይባክን ያደርጋል። ያለፈን በደል በቀለም የሚሸፍን እድሳት ግን ውሸት ነው። በደሉን ገልጦ እያሳየ በዚያው የሚረካም ከውሸቱ በአንድ እርምጃ ብቻ ይርቃል። ለታሪካችን መታሰቢያ የምናቆም፣ ስለ ቁስላችን የምንጽፍና በመድረክ የምናሳይ ሰዎች ይህን ልንጠይቅ ይገባል፤ ቁስሉን ያሳየነው ባለቁስሉ ምን እንደሚፈልግ ጠይቀን ነውን? ካሣ የሚጀምረው ከዚያ ጥያቄ ነው፤ መልሱም ብዙ ጊዜ ካዘጋጀነው ነገር ጋር አይገጥምም።

ሞተሩ አሁንም ድብ ባሕር ነው። ጎድጎዱ አለ፤ ግን ለማንም አላሳየውም። ሴትዮዋ በየሦስት ወሩ ቀጠሮ አላቸው፤ እኔም ያን ቀን ከጎንደር ወርጄ አደርሳቸዋለሁ። የሚቀጥለው ቀጠሮ ከጥምቀት በኋላ ነው።